የሙሽራዋ እናት ከሳች

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

"የታመመው ስብዎ ነው" አለኝ ሐኪሙ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ፍንክች አላለም። ገና ልጅ እግር ነው፤ ሲያስረዳ ግን አይሰለችም፣ እግዜር ይስጠው።

ሳይጠፋብኝ የገባኝን ልጻፍ። ሆድ ውስጥ አንጀትን ከቦ የሚቀመጠው ስብ፣ በበግ ላይ ሞራ የምንለው፣ ዝም ብሎ የተጋደመ ስንቅ አይደለም። ከልኩ ሲያልፍ ይቆጣል። ቁስል እንደሚቆጣው ማለት ነው፣ ግን አይታይም፣ አያምም። ሰውነት ጠላት የገባ መስሎት ዘበኞቹን ወደዚያ ይልካል። ዘበኞቹ ጠላት ያጣሉ፤ ቢሆንም አርፈው አይቀመጡም፣ ይተኩሳሉ። መዘዙ በደም ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነት አይሰማውም፣ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ቁስልም አልድንም ይላል። "እርስዎ ከመስከረም ወዲህ ስለቀነሱ ቁጣው እየበረደ ነው። ክኒኑም አሁን ነው በደንብ መሥራት የጀመረው" አለኝ።

ጉድ እኮ ነው! ስንት ዘመን ቅቤ እያጠጣሁ፣ ቀሚስ እያሰፋሁለት የተሸከምኩት ሆድ ለካ ውስጥ ውስጡን ሲዶልትብኝ ኖሯል።

እግሬን ገልብጦ አየልኝ። የውስጥ እግሬ ቁስል ምስር አክላለች። መስከረም ላይ ሱቄ ውስጥ መርፌ ረግጬ ነው የመጣው። ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቼ መርፌ መርገጥ ብርቄ አይደለም፣ ያሁኑ ግን ምንም አልተሰማኝም። ልጄ ምሕረት ናት ወለሉ ላይ ደሙን አይታ የጮኸችው። ያን ቀን ነው ስኳር እንዳለብኝ ያወቅሁት። "ይህቺ ከተዘጋች እግርዎ ተረፈ ማለት ነው፤ ተመልሳ ከከፈተች ግን መቁረጥ ሊመጣ ይችላል። ይበርቱ፣ እንዳያቋርጡ" አለኝ ሐኪሙ፣ ሳይሸፋፍን።

እየበረታሁ እኮ ነው። ሻይ ያለ ስኳር፣ ወጥ ያለ ቅቤ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ሐዋሳ ሐይቅ በእግር። ከሆስፒታሉ ስወጣ እንደ ልጃገረድ ቀለለኝ።

መሃል ከተማ ከባጃጅ ስወርድ አንዲት የድሮ ደንበኛዬ አገኘችኝ። ሰላም ሳትለኝ አንገቴን አየች፣ ከአንገቴ ወርዳ ደረቴን አየች። "ምነው አስካለ? ምን ነካሽ?" አለች። ስኳር ነው አልኳት። "እ... ስኳር" አለችና ጥላኝ ሄደች። አነጋገሯ አላማረኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 16

እህቴ እትዬ ዘውዴ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ድረስ መጣች። ሳትደውል ስትመጣ ነገር አለ። ጓዳ አስገብታኝ በሩን ዘጋችው።

"ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል?"

"የቱ ሰው?"

"ሰው ነዋ! አገሩ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጌታቸው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። የጨጓራ ካንሰር ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ወስጄው ስሙን ጠርተው ነግረውኛል። ግን በዚህ ዘመን ከስቶ የሞተ ሰው ሁሉ በሽታው አንድ ነው፣ ስሙን እንኳ አይጠሩትም፣ "ያ በሽታ" ነው የሚሉት። ባል ከሳ፣ ሞተ። አሁን ደግሞ ሚስት ከሳች። ታዲያ ምን ቀራቸው? "ተራዋ ደረሰ" ይላሉ አለችኝ።

ተመርምሬያለሁ፣ ነፃ ነኝ፣ ግንባሬ ላይ ልለጥፈው? አልኳት። "ብትለጥፊውም በዘመድ ያሠራችው ነው ይሉሻል" አለች። ልክ ናት፣ ይሉኛል።

ክፋቱ ጊዜው ነው። የምሕረት ሠርግ እሑድ ጥር 27 ነው። ልጆቹማ ቤተ ክርስቲያኑ ባዘዘው መሠረት ሁለቱም ተመርምረዋል፣ ደህና ናቸው። ነገር ግን የሙሽራው የደረጀ እናት፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ "እናቲቱ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሆኑት?" ብለው ሦስት ሰው ጠይቀዋል አሉ። እትዬ ዘውዴ እጄን ያዘችኝና "ሠርጉ እስኪያልፍ እንኳ እስቲ ወፈር በይ" አለችኝ። ወፈር በይ! ሽንኩርት ግዢ እንደማለት።

ተናደድኩባት። ከሄደች በኋላ ግን መስታወት ፊት ቆምኩ። ሐኪሙ ያደነቀውን ሰውነት ሌላ ሰው እንደሚያየው አየሁት። አንገቴ የጌታቸውን አንገት መሰለኝ። አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ወይዘሮ ብርቅነሽ ልብሳቸውን ሊለኩ ሱቅ መጡ። ለሠርጉ የሚለብሱትን እኔ እንድሰፋላቸው ቀድሞ የተነጋገርነው ነው፣ ለዝምድናው ያምራል ተብሎ። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይህን አልክድም። የሕንፃ መሣሪያ ሱቃቸው ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ልጆች ያሳደጉ ናቸው።

እኔ እንደ ልማዴ እስፒሎቹን በከንፈሬ ይዣለሁ። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዲሁ ነው፣ ሦስተኛ እጅ የለንም። አፌን አዩት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱና አዲስ፣ ያልተከፈተ የእስፒልና የመርፌ ማሸጊያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ሥራ በዝቶብዎት እንዳይቸገሩ ብዬ ነው፣ ወይዘሮ አስካለ" አሉ፣ ፈገግ ብለው።

ልብስ ሰፊ ቤት መርፌ ይዞ መምጣት! ጠላ ቤት ጠላ አንጠልጥሎ መሄድ ነው። እስፒሎቹን ከአፌ አወጣሁ። ማሸጊያውን ቀድጄ በእሳቸው መርፌ ለካሁ። ሜትሩን በወገባቸው ሳዞር ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። እስፒሉን ወደ ጨርቁ አስጠጋሁ። ብወጋቸውስ? ያን ያህል ዓመት ስሠራ ሰው ልወጋ ነው ብዬ ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ሲወጡ "በጣም ቀንሰዋል፣ ደህና ነዎት?" አሉኝ። ስኳር አለብኝ አልኳቸው። "እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ። ምን ማለት ነው እግዚአብሔር ያውቃል? እኔም አውቃለሁ እኮ!

ከሰዓት በኋላ ሁለት ደንበኞች ሊለኩ ቀጠሮ ነበራቸው። አልመጡም።

ዓርብ፣ ጥር 18

አገኘሁት! ስንት ሴት ደረት የሌላትን ደረት፣ ዳሌ የሌላትን ዳሌ አውጥቼ ለሙሽራነት ያበቃሁ ሰው ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ?

ከኮት ትከሻ የተረፈ እስፖንጅ ሞልቶኛል። ዳሌ ላይ ሁለት፣ ሆድ ላይ አንድ ሰፊ፣ ክንድ ላይ ስስ ስስ አድርጌ በአሮጌ ባለ እጅጌ የውስጥ ቀሚስ ላይ ሰፋኋቸው። ከላዩ የድሮ ቀሚሴን ደረብኩበት። ልክክ አለ። መስታወቱ ውስጥ የመስከረሟ አስካለ ቆማለች፣ ደልደል ብላ።

ሳቄ መጣ። ለብቻዬ ሳቅሁ። ሐኪሙ ቢያየኝ ምን ይል ይሆን? ስቡን አጥፍቼ በእስፖንጅ ተካሁት፤ ይሄኛው አይቆጣ!

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ሠራ። ገበያ ወጣሁበት። ቅመም የምትሸጠው ሴትዮ "እሰይ፣ አሁን ሰው መሰልሽ! ሰው ምን የማይለው አለ" አለችኝ። አንጀቴ ራሰ። ግን ሙቀቱ! የሐዋሳ ፀሐይ በእስፖንጅ ላይ፣ አይጣል ነው። ላቡ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። የቁስሌ ፋሻ እንዳይረጥብ ብዬ በየጥላው ስቆም ስቆም ገበያው መሸብኝ።

እሑድ፣ ጥር 20

ጉዴ ፈላ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሆዴ እስፖንጅ ተንሸራቶ ጎኔ ላይ ወጥቶ ነበር። ምሕረት "እማዬ፣ ምንድነው እሱ?" ብላ ነካችው። ጓዳ አስገብታኝ ቀሚሴን ገለበችውና መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። ደግ አደረገች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስፖንጁን አቅፋ አለቀሰች።

"ለማን ብለሽ ነው? ደረጀ እንደሆነ ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ። እናቱም ቢሆኑ የፈለጉትን ይበሉ። እኔ የምፈልገው በእግሯ የምትቆም እናት ነው" አለችኝ።

ልጅ ናት። ባል ነው የማገባው ብላ ታስባለች፣ የምታገባው ግን ቤተሰቡን ነው። ነገ ልጅ ስትወልድ አማቷ "እናትሽ እንዳታቅፈው" ቢሏትስ? ይህን አልነገርኳትም። እሺ፣ አወልቃለሁ አልኳት። አወለቅሁትም።

ሰኞ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። እትዬ ዘውዴ ገንፎ ይዛ መጣች፣ መሃሉ በቅቤ የተሞላ፣ ለአራስ የሚሠራው ዓይነት። እስፖንጁን ነገርኳት። አላሳቃትም። "ፊትስ? ፊት ላይ እስፖንጅ ይሰፋል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሠርግ ላይ ሰው ፊት ነው የሚያየው፣ ቪዲዮውም ፊት ነው የሚያነሳው። ያ ቪዲዮ ደግሞ በየቤቱ ይዞራል፣ እየቆመ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሠርጉ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ቁስሌ ምስር ናት፣ በሳምንት ምን ትሆናለች? ክኒኑ ደግሞ ሆዴን ሲያላውሰው ነው የሚውለው፣ የሚያከሳኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም። እስከ እሑድ ላቁመው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ካለኝ በላይ እጠነቀቃለሁ፣ ጾሙም እየመጣ ነው፣ ቅቤ በራሱ ጊዜ ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ራስን ለማሳመን እንደኔ ያለ የለም።

ገንፎውን በላሁት። አቤት አበላሌ! ከመስከረም ጀምሮ ያልቀመስኩትን ቅቤ በጣቴ ጠረግሁት። እትዬ ዘውዴ "ብዪልኝ፣ ብዪ የኔ እናት" እያለች ታየኝ ነበር። ደስ ብሏታል። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ምን ይዋሻል።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ጠዋት ዳቦ በማር። ምሳ ክትፎ፣ ከሱቁ ጎን ካለው ቤት። ማታ እትዬ ዘውዴ ጨጨብሳ ላከች። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ አስገብቻለሁ፣ ምሕረት እንዳታየው። እሷ ከሚዜዎቿ ጋር ስትሯሯጥ ነው የምትውለው፣ ቀና ብላ አላየችኝም፣ ደግሞም አይፈረድባትም።

ወደ ሐይቁ የማደርገውን የጠዋት ጉዞዬንም ትቻለሁ። ሥራ በዛ። የወይዘሮ ብርቅነሽን ቀሚስ እየጨረስኩ ነው፣ በእሳቸው መርፌ።

ረቡዕ፣ ጥር 23

ጾም ነው፣ ቅቤ የለም። በምትኩ ሻይ በብዙ ስኳር፣ ብስኩት፣ ሁለት ለስላሳ። ውሃ ይጠማኛል፣ የጠጣሁት አይቆይም፣ ሽንት ቤት ስመላለስ ዋልኩ። ይህን ጥም አውቀዋለሁ፤ መስከረም ላይ እንዲህ ነበርኩ። ዓይኔም ክር ማስገባት እምቢ ብሎኝ ነበር። ድካም ነው አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 24

ዛሬ የሆስፒታል ቀጠሮዬ ነበር፣ ፋሻ የሚቀየርበት። አልሄድኩም። ያ ልጅ ዓይኔን አይቶ ያውቅብኛል። ምን ብዬ ነው የማስረዳው? ዶክተር፣ ስቤን አገር ይፈልገዋል ልበለው?

ፋሻውን ራሴ ፈታሁት። እርጥብ ነው። ምስሯ ባቄላ አክላለች፣ ዙሪያዋ ቀልቷል። አያምም። የሚያስፈራኝም አለማመሙ ነው። ቢያመኝ ኖሮ እንደ ሰው ጮኼ እተኛ ነበር። በሳሙና አጠብኩት፣ በአዲስ ፋሻ አሰርኩት።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ብርቅነሽ ቀሚሱን ሊወስዱ መጡ። ለበሱት፣ አማረባቸው፣ የሚገርም ነው የተሰፋው። ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና "ወዝ መልሰዋል፣ ተመስገን" አሉ። ይህን ቃል ለመስማት ነበር ያ ሁሉ! ሲወጡ ግን የተረፈውን መርፌና እስፒል ሰብስበው በቦርሳቸው ይዘው ሄዱ።

ዓርብ፣ ጥር 25

ፊቴ ሞልቷል። እውነት ነው፣ አልተሳሳትኩም፣ ጉንጬ ተነፍቷል፣ ዓይኔ ሥር እንኳ ሞላ ብሏል። እትዬ ዘውዴ ጉንጬን ቆንጥጣ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ "አማረብሽ" ብሎኛል። ሽንኩርት ሊከትፉ የመጡት ሴቶች እንደ ድሮው ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ።

ከትሪው ላይ ቀና ስል ዓይኔ እንባ ሞላ። ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

ብርድ ብርድ ይለኛል። የሚያስጨንቁኝ፦ ድንኳኑ ዘግይቷል። የሚዜዎቹ ልብስ አንዱ ጠቦ ነው የመጣው። እግሬ ይሸታል መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 28

ሆስፒታል ተኝቼ ነው የምጽፈው። ክንዴ ላይ ግሉኮስ ያልሆነ ውሃ ተሰክቷል፣ ሲስተሯ ናት ያለችው፣ "ለእርስዎ ግሉኮስ አይሆንም" ብላ ሳቀች። ሲዳምኛ ከሌላዋ ታካሚ ጋር ስታወራ ደስ የሚል ድምፅ አላት፤ ባይገባኝም አዳምጣታለሁ።

ሠርጉ እንዴት ነበር? ያምር ነበር። ምሕረቴ ስትወጣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ። ቀሚሷን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እያንዳንዷን ዶቃ። አባቷ ቢያያት ብዬ ልቤ ተንሰፈሰፈ። ሐይቁ ዳር ባለው አዳራሽ ሁለቱ ቤተሰቦች አብረን ተቀመጥን። ተነስተሽ ጨፍሪ አሉኝ፣ ጨፈርኩ። ሰው "የሙሽራ እናት እንዲህ ናት!" እያለ አጨበጨበልኝ። የቀኝ ጫማዬ ውስጥ ሲርስ ይታወቀኛል፤ ላብ ነው እላለሁ።

ከዚያ ቪዲዮ አንሺው እናቶቹ ይጎራረሱ አለ። ወይዘሮ ብርቅነሽ አጎረሱኝ። እኔም ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ተቀበሉኝ! አዳራሹ ሁሉ እያየ ተቀበሉኝ። እግሬ ቢነደል ምን ገዶኝ፣ በዚያች ሰዓት የዓለም ንግሥት ነበርኩ።

ካሜራው ዞር ሲል ሶፍት አነሱ። አፋቸውን የሚጠርጉ መስሎኝ ነበር። ጉርሻውን ሶፍቱ ውስጥ አድርገው፣ ጠቅልለው፣ ጠረጴዛው ሥር ጣሉት።

ማንም አላየም። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ያ ሁሉ ቅቤ፣ ያ ሁሉ ማር፣ ያ ሁሉ እልልታ፣ ጠረጴዛ ሥር።

ማታ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ወደቅሁ። ትኩሳቴ ነድዶ ነበር። እትዬ ዘውዴ ጫማዬን ስታወልቅ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ሁለቱ ጣቶቼ ጠቁረዋል።

ያው ሐኪም መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "ምን ሆኑብኝ?" አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ እስፖንጁን፣ ገንፎውን፣ ክኒኑን፣ ፊቴን። ጉንጬን በጣቱ ጫን አድርጎ አየው።

"ፊትዎ ላይ ያለው ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። ኩላሊትዎ ደክሟል" አለኝ። ስቤስ ተመልሶ ተቆጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "በሳምንት ስብ አይመለስም። ያን ያህል ወር የለፉበት እንደቀነሰ ነው። የጎዳዎት መድኃኒቱን ማቆምዎና ያ ሁሉ ጣፋጭ ነው፣ አሁን ደግሞ እግርዎ መርዟል" አለ።

እኔ እኮ ወፍሬ ሠርጉን ላሳልፍ ነበር። ለካስ አልወፈርኩም። አንድ ኪሎ እንኳ።

"እግሩን ማዳን የምንችል አይመስለኝም" አለኝ በመጨረሻ። ስፌት መኪናዬን የምረግጠው በቀኙ ነው።

እትዬ ዘውዴ ኮሪደሩ ላይ ደረቷን ትመታለች። እኔ ነኝ የገደልኳት ትላለች። አልገደልሽኝም፣ በእጄ ነው የበላሁት ብያታለሁ። ለምሕረት እንዳይነገር ብዬ አስምያታለሁ፣ ቢያንስ እስከ መልስ ድረስ። ወንዶ ገነት ናቸው ከደረጀ ጋር።

ማክሰኞ፣ ጥር 29

ነገሯት። መሐላም እንዲህ ነው በእኛ ቤት።

ምሕረት ጠዋት ገባች፣ የሠርጉ ሂና እጇ ላይ እንዳለ። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችኝም። አልጋው ግርጌ ተቀምጣ ደህናውን እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታሻሽ ዋለች። "ተናገሪኝ" አልኳት። "እኔ ምን ብዬሽ ነበር?" አለች ብቻ። ብላኝ ነበር። እየሰማሁ ነው ያልሰማኋት። ደረጀ ደጅ ቆሞ ደም የሚሰጥ ዘመድ ሲያሰባስብ ነበር፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥሩ ባል አግኝታለች።

ያበጠው ፊቴ በመድኃኒቱ እየጎደለ ነው። ምሕረት በትንሽ መስታወቷ አሳየችኝ። አጥንቴ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ማን ምን ቢል ግድ የለኝም አልኩ፤ ግን ግድ አለኝ፣ መስታወቱን ቶሎ ነው የመለስኩላት።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ብርቅነሽ መጡ። ከበሩ ላይ ቆመው ያመነታሉ። ሐኪሙ አጠገቤ ስለነበር እሱን ነው የጠየቁት፣ በሹክሹክታ፣ እኔ ግን ሰማሁ። "ልጄ፣ ሕመማቸው ምንድነው?" እሱ ወደ እኔ ዞሮ ልንገራቸው ወይ በሚል ዓይን አየኝ። ንገራቸው አልኩት።

"ስኳር ነው። ቁስሉ መርዟል፣ ነገ እግራቸው ይቆረጣል።"

"ስኳር ነው? ስኳር ብቻ?"

"ስኳር ብቻ፣ ሌላ ምንም የለባቸውም" አለ።

ፊታቸው በራ። እውነቴን ነው፣ እንደ ፀሐይ በራ። "ተመስገን! ተመስገን የኔ ጌታ! ስኳርማ የሀብታም በሽታ ነው፣ እኛ ቤትስ ስንቱ አለበት!" እያሉ መጥተው በሁለት እጃቸው አቀፉኝ። ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ አንገቴን ሳሙኝ፣ ከነላቤ፣ ከነሽታዬ። ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ከእህቴና ከልጄ በቀር እንዲህ ያቀፈኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነ! እኔም አቀፍኳቸው። ላስለቅቃቸው አልቻልኩም። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ለእግሬ መስሏቸው "አይዞዎት፣ ዋናው ነፍስ ነው" አሉኝ።

ነገ ጠዋት ነው የምገባው። የቱ ጋ እንደሚቆርጡት ሲከፍቱት ነው የሚታወቀው ብለውኛል።